ልጆች ይዞ ሐይቅ ለመዋል፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ቤተሰብ

ኮምቦልቻ ላደግን ልጆች ባሕር ማለት በከባድ መኪና የሚመጣ ነገር ነበር። ሹፌሮቹ በሚሌና በባቲ አድርገው ከአሰብ ሲመለሱ እንከባቸዋለን። "ባሕሩ እንዴት ነው?" እንላለን። "ሙቀት ነው፣ ጨው ነው" ይሉናል። በቃ፣ ሌላ ወሬ የለም። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የአሰብ መንገድ ተዘጋ፤ መኪኖቹም ወደ ጅቡቲ ዞሩ። እኛም ባሕሩን ሳናየው ልጆች ወለድን።

ሴት ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት ቴሌቪዥን ላይ አሸዋ የሚቆፍሩ ልጆች አየችና "እኔንም ባሕር ውሰጂኝ" አለች። ጅቡቲ ለመውረድ ለሁላችንም ፓስፖርት ሊወጣ ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወቅት ደግሞ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ለልጅ የሚሆን አይደለም። ስለዚህ በእጃችን ወዳለው ውሃ፣ ወደ ሐይቅ ሄድን። እሑድ ቀን፣ በቀትር። ዓሣ በላን፣ ነፋስ ተነሣ፣ ልጆቹ በረዳቸው፣ ተመለስን። ሚኒባሱ ውስጥ ልጅቷ ቀና ብላ "እማ፣ ባሕሩ የቱ ጋ ነበር?" አለችኝ።

የተበላሸው ሐይቁ አልነበረም፤ አካሄዳችን ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ እንሄዳለን። የተማርነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ዳር ተገኙ።

1. ቀኑን ምረጡ

ሐምሌና ነሐሴ ይቅርባችሁ። ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ዳርቻውን ያደፈርሰዋል፣ መሬቱም ጭቃ ይሆናል። ወሎ ላይ የበልግ ዝናብም አለ፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ሊዘንብ ይችላል። ለእኛ የሚመቸን ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

ቅዳሜ ከእሑድ ይሻላል፤ እሑድ ሰው ይበዛል። ሐይቁ ዳር ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚያከብራቸውን ቀኖችም እዩ። ኅዳር 26 የአቡነ ኢየሱስ ሞአ፣ ጥር 1 የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ነው። ለመሳለም የሚሄድ ሰው እነዚህን ቀኖች ይፈልጋቸዋል፤ ልጆች ለማጫወት የሚሄድ ግን ይሸሻቸው።

ሌላው፣ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያ ለሚኖር ሰው ደውሉና የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ይህን ማንም የአካባቢያችን ሰው ያውቀዋል፤ ልጅ ሲያዝ ግን ዋዜማውን ጠይቆ መተው አይበቃም፣ ጠዋትም ይደወላል።

2. ዋዜማውን ሸክፉ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐይቁ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ። ስለዚህ ከደሴ ስትወርዱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይሞቃችኋል። የደሴ ሰው ይህን ይረሳና ልጁን በሹራብ ላይ ጃኬት ደርቦ ያመጣዋል። ኮምቦልቻ ደግሞ ዝቅ ያለች ናት፤ የኮምቦልቻ ሰው በተቃራኒው ስስ ልብስ ብቻ ይዞ ይመጣና ጠዋት ይንቀጠቀጣል። ተደራርቦ የሚለበስና የሚወልቅ ልብስ ያዙ። ሁለት ቅያሪ ለልጅ፣ አንድ ለአዋቂ። አዋቂም ይረጥባል፣ ግድ የለም አትበሉ።

ባርኔጣ አይርሳችሁ። በዚህ ከፍታ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት፣ ከውሃው ላይም ትመለሳለች። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዛቸው ልጆቹ መቃጠላቸው አይታወቃቸውም፤ ማታ አፍንጫቸው ቀልቶ ታያላችሁ። የፀሐይ ቅባት ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ እጀ ረጅም ስስ ልብስና ጃንጥላ ይበቃል።

የሚጠጣ ውሃ ከቤት ያዙ። ቆሎና ድፎ ዳቦ፣ ፔርሙስ ሻይ። ሶፍት፣ ሳሙና፣ አምስት ስድስት ባዶ ፌስታል። ሙስሊም ቤተሰብ መስገጃ ይይዛል፤ አብረውን የሚሄዱት ጎረቤቶቻችን ዙህርን ዛፍ ሥር ነው የሚሰግዱት። ጥሬ ገንዘብም ያስፈልጋል፣ ያውም ዝርዝር። ኔትወርክ እንቢ ሲል ባጃጁም ታንኳውም በስልክ አይከፈልም።

ከዕቃዎቹ ሁሉ የማልተወው ግን ክዳኑ የሚገጥም ባዶ ጀሪካንና አሥር ሜትር ገመድ ነው። ምክንያቱን ውሃው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

3. መንገዱ

ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ። ደሴ መናኸሪያ ረዳቶቹ "ሐይቅ! ሐይቅ! ሐይቅ!" ሲሉ ትሰማላችሁ። ልጆቼ መጀመሪያ ቀን ሚኒባሱ ውሃው ውስጥ የሚገባ መስሏቸው ነበር። ከተማውም ሐይቅ፣ ውሃውም ሐይቅ ነው። ስለዚህ "ሐይቅ ደረስን" ሲባል ከውሃው አልደረሳችሁም፤ ከተማው ወርዳችሁ ባጃጅ ትይዛላችሁ። ባጃጁን ስትይዙ "ሐይቁ ዳር" አትበሉ፤ ዳርቻው ብዙ ነው። ወደ ገዳሙ ነው ወይስ ወደ መዝናኛዎቹ፣ ለዩና ንገሩት።

ከኮምቦልቻ የሚነሣ ሰው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ደሴ መውጣት አለበት፣ ያውም በሐረጎ ጠመዝማዛ ዳገት። ሐረጎን የማያውቅ የለም። ልጅ የሚያስመልሰው እዚያ ነው። ለቁርስ ወተትና ዘይት ያለበት ነገር አትስጡ፤ ደረቅ ዳቦ ትንሽ ይበቃል። የሚያስመልሰውን ልጅ መስኮት ጋ አስቀምጡትና ፊቱን ወደ ፊት፣ ዓይኑን ሩቅ ተራራ ላይ ያድርግ። ሞባይል አትስጡት፤ እሱን እያየ ነው የሚብስበት። አንድ ፌስታል በእጃችሁ ይሁን፣ ቦርሳ ውስጥ አይደለም። ሦስት አራት ቤተሰብ ከሆናችሁ አንድ ሚኒባስ ደርሶ መልስ ኮንትራት መያዙ ያዋጣል፤ ደሴ ላይ ሌላ ለመያዝ መጉላላት አይኖርም፣ የመመለሻ ሰዓትም የናንተ ይሆናል።

4. ቦታ ያዙ

ዳርቻው ላይ መጠጥና ምግብ የሚሸጡ መዝናኛዎች አሉ፤ ወንበር፣ ጥላና መጸዳጃ ስላላቸው ትንሽ ልጅ ለያዘ ሰው እነሱ ይሻላሉ። ከመቀመጣችሁ በፊት መጸዳጃውን እዩት። ስታፍሩ አትታዩ፤ "አንዴ ልየው" በሉና ግቡ። ሙሉ ቀን የምትውሉበት ነው።

ከዚያ ከውሃው ሃያ እርምጃ ራቁና ዛፍ ሥር አንጥፉ። ውሃው አጠገብ ያነጠፈ ሰው ቀኑን ሙሉ "ና! ተመለስ! ኧረ ልጄን!" ሲል ይውላል።

5. ውሃው

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሐይቅ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ጥልቀቱ ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። ሃያና ሃያ አምስት ፎቅ ሕንፃ ይውጣል ማለት ነው። ላዩ ጸጥ ያለ ስለሆነ ያታልላል። የኛ ወንዱ ልጅ አንድ ጊዜ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ቆሞ ነበር፤ ሁለት እርምጃ ጨመረና ደረቱ ደረሰ። አባቱ አጠገቡ ስለነበር በኮሌታው ይዞ ጎተተው። ልጁ አልጮኸም። በኋላ ነው የገባን፤ እየሰጠመ ያለ ሰው አይጮህም። አፉ ከውሃው ብቅ ሲል የሚያገኛትን ቅጽበት ለመተንፈስ ነው የሚጠቀምባት፣ ለመጣራት ትርፍ የለውም። ፊልም ላይ እንደሚታየው እጅ ማውለብለብ የለም። ስለዚህ "ድምፁን ካልሰማሁ ደህና ነው" አይባልም። ድምፁ ከጠፋ ሩጡ።

የእኛ ደንብ እንዲህ ነው። ልጆች ውሃ ሲነኩ አንድ አዋቂ ጠባቂ ይሆናል። ስልክ አይነካም፣ ወሬ አይዝም፣ ቡና አይጠጣም። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ በስም ጠርቶ ያስረክባል፦ "ጋሼ፣ አሁን እርስዎ ኖት" ይላል፤ የተጠራውም "ይዣለሁ" ብሎ ይመልሳል። "ሁላችንም እያየን ነው" ማለት ማንም አያይም ማለት ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ውሃውም ከልጁ ጉልበት አያልፍም። የሚያውቅ ሰው አብሮ ካልገባ ዋና የለም።

ጀሪካኑ ለዚህ ነው። ክዳኑን አጥብቃችሁ ገመዱን እጀታው ላይ እሰሩት። ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፤ ፍጹም ባዶ ከሆነ ሲወረወር ነፋስ ይወስደዋል። ሰው ከሰጠመ ዘላችሁ አትግቡ፤ የደነገጠ ሰው የያዘውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ጀሪካኑን ወርውሩለትና ሲይዘው ጎትቱ። እንጨትም፣ የተጠመዘዘ ነጠላም ይሆናል። የወጣው ልጅ ካልተነፈሰ እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ ማራገፍ አይረዳም፤ ጊዜ ያባክናል። በጀርባው አስተኙት፣ አገጩን ቀና አድርጉ፣ አፍንጫውን ይዛችሁ አምስት ጊዜ በአፉ እፍ በሉበት፣ ከዚያ የደረቱን መሐል 30 ጊዜ መጫንና ሁለት ጊዜ እፍ ማለት፤ እስኪተነፍስ ወይም እርዳታ እስኪመጣ ይቀጥላል።

የመኪና ጎማ ላስቲክ በአየር ነፍተው ልጅ የሚያስቀምጡ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጎማው ወደ መሐል ይሄዳል፤ ልጁ ደስ እያለው፣ እናትየው ደግሞ ቪዲዮ እየቀረፀች። አይደረግም።

ሁለተኛው ጉዳይ ብልሃርዚያ የሚባለው የትል በሽታ ነው። በሐይቁ አካባቢ አለ። ትሉ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ባሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው፤ ከነሱ ወጥቶ በሰው ቆዳ ይገባል። ሣርና ቄጤማ የበዛበት፣ የማይንቀሳቀስ፣ ሰው ልብስ የሚያጥብበት ጥግ ዋናው መገኛው ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ፣ በቀትር አካባቢ፣ ከቀንድ አውጣው በብዛት ይወጣል። ጠዋት ተገኙ ያልኩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። ሣር የሌለበትን፣ ጠጠር ያለበትን ቦታ ምረጡ። ልጆቹን እንደወጡ ወዲያው በፎጣ አሽታችሁ አድርቁ። ይህ ሥጋቱን ሊቀንስ ይችላል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

አሸዋ መቆፈር ለሚሻ ልጅ ውሃ መግባት ግዴታ አይደለም። የኛዋ ጣሳና ማንኪያ ይዛ እርጥቡ መሬት ላይ "ቤተ መንግሥት" ስትሠራ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች።

6. ታንኳና ጀልባ

በደንገል የታሰረችው ታንኳ የዓሣ አጥማጆቹ ናት። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ታንኳ ሲጠግኑ ደረስን። ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው ገመዱን በጥርሳቸው ይስቡታል። ልጄ "አባባ፣ አይሰጥምም?" አለቻቸው። "ውሃ ከጠጣ ይከብዳል፤ ያኔ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ እንደ በርበሬ" አሏት። ያን ቀን የተደሰተችው በዚህ ነው፣ በዓሣውም በጀልባውም አይደለም።

ለመንሸራሸር የሞተር ጀልባ ይሻላል፣ ላይፍ ጃኬት ካለው። ለልጁ ልክ መሆኑን ልብሱን ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጩን አልፎ ጆሮው ከደረሰ ሰፍቶታል። ጃኬት ከሌለ ልጅ አይሳፈርም። ከ5 ሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ ነፋስ አለ።

ዋጋውን ሳትሳፈሩ ቁረጡ፦ በሰው ነው በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው? ስንት ደቂቃ? እኛ አንዴ የአንድ ሰው ሒሳብ ለሁላችንም መስሎን ተሳፍረን ስንወርድ ስድስት እጥፍ ተጠየቅን። ሰውየውን ምን ልበለው፣ ያልጠየቅነው እኛ ነን።

7. ዓሣው

ሐይቅ ላይ የምታገኙት በብዛት ቆሮሶ ነው፤ አምባዛም አለ። ቆሮሶው የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ አምጥተው የለቀቁት ነው። አሁን ግን ሐይቅ ያለ እሱ አይታሰብም።

ትኩስነቱን ለማወቅ ዓይኑን እዩ፤ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ መሆን አለበት። ስንጥቡ ቀይ ይሁን። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት መመለስ አለበት። "አሳዩኝ" ማለት ነውር አይደለም። ለልጆች አጥንቱ የወጣለት ጥብስ እዘዙ፤ ያም ሆኖ በጣት እየዳበሳችሁ አጉርሱ። ስትደርሱ እዘዙና ለ5 ሰዓት ተኩል በሉ፤ ቀትር ላይ ያዘዘ 8 ሰዓት ነው የሚበላው።

ለወሎ ሰው ዓሣ ሌላም ጥቅም አለው። እንደ እኛ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት አብሮ ሲሄድ የሥጋ ነገር ሁለት ድስት ይጠይቃል፤ ማን አረደው የሚለው አለ። ዓሣ አይታረድም። አንድ ትሪ ቀርቦ ሁሉም እጁን ይሰዳል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን በኛ ቤት እስካሁን አላለቀም፤ እናቴ አትነካም፣ ባለቤቴ ይበላል።

8. ገዳሙ

ሐይቅ እስጢፋኖስ ድሮ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሲሸሽ ከየብስ ተያይዟል፣ አሁን በእግር ይገባል። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ያስተማሩበት ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሪዎቻቸው አንዱ ነበሩ።

ሴት ወደ ውስጥ አትገባም። ይህን ቤት እያላችሁ ለልጆች ንገሩ፤ በሩ ላይ ሲሰሙት ያለቅሳሉ። ወንዶቹ ቁምጣ አይልበሱ። ከሁለት ተከፍላችሁ ሂዱና ውጭ የሚቀሩት ምን እንደሚሠሩ ቀድማችሁ አስቡ። እኔ፣ እናቴና ልጄ ስንቀር እናቴ የሐይቁን ተረት ታወራለች። አንዲት እርጉዝ ሴት ነበረች፤ ልዕልት በደለቻት። እግዜር ተቆጣና ምድሩን ሁሉ ውሃ አደረገው። ሴትዮዋ የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ቀረ። እሱም አሁን ገዳሙ ያለበት ነው።

ልጄ ትንሽ አሰበችና "እማማ፣ ቦታው የሴትዮዋ ከሆነ እኛ ለምን አንገባም?" አለች።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "እሱን ቄሱን ጠይቂ" አለቻት።

9. ማደር ካሰባችሁ

ከደሴ ዝቅ ያለ ቦታ ነውና ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ከወጣ በኋላ። አልጋ ስትይዙ አጎበሩን ዘርግታችሁ ቀዳዳ ካለው እዩ። በማግሥቱ ጠዋት አርዲቦ መውጣት ይቻላል። ከሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ከፍ ብሎ ያለ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ውሃው በአንከርካ ወንዝ ወደዚህኛው ይወርዳል። ሰው አይበዛበትም፣ መዝናኛ ነገርም አትጠብቁ። የሚራመድ ልጅ ላለው ነው እንጂ ለሚታዘል አይመከርም።

10. መመለስ

9 ሰዓት ላይ ተነሡ። መንገዱ ሳይመሽ ማለቅ አለበት፤ የኮምቦልቻ ሰው ሐረጎን ገና መውረድ አለበት። እርጥቡን ልብስ ለብቻ ፌስታል፣ ቆሻሻውን ለብቻ ፌስታል አድርጉና ሁለቱንም ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቹን ከመሳፈራቸው በፊት አሽኗቸው፤ ሚኒባሱ ከተነሣ በኋላ ረዳቱን መለማመጥ ነው።

ቤት ስትገቡ ካላንደሩ ላይ ከዚያ ቀን ስምንት ሳምንት ቁጠሩና ምልክት አድርጉ። ውሃ የገቡትን ልጆች ያን ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዷቸውና "ሐይቅ ገብተው ነበር፣ ለብልሃርዚያ ሰገራቸው ይታይ" በሉ። ቀድሞ ቢታይ ላይገኝ ይችላል። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ መጠኑ በልጁ ክብደት ነው የሚሰጠው። ከመጠጣቱ በፊት ምግብ ይብላ፤ ክኒኑ ይመራል፣ ትልቅም ነው፣ የኛዋ በማር ነው የዋጠችው።